እጅ አይረሳም

ዛሬ ባሕር ዳር ገበያው አካባቢ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ቁጭ ብያለሁ። አንድ አባት ሬዲዮናቸውን አምጥተዋል። ጠጋኙ ልጅ ሲነካካው ድንገት ጮኸ። አባባ ደንገጥ ብለው ድምፁን ቀነሱት። ከዚያ ራሳቸው ሳቁ።

«በደርግ ጊዜ የውጭ ሬዲዮ ጋቢ ተከናንበን ነበር የምንሰማ። እጄ አልረሳም፣ ልጄ።»

የድምፁ ማዞሪያ በጣታቸው ተፍቆ ቁጥሩ ጠፍቷል። ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው እኮ!

እንዲህ ያለው ፍርሃት ሌላ አገር ዛሬም አለ፤ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ሬዲዮ የሚፈቀደው በመንግሥት ጣቢያ ላይ ብቻ ተቆልፎ ነው። ሆኖም ከደቡብ ኮሪያ የሚያሰራጩላቸው አሉ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚሰማም አልጠፋም። የነፃነት ድጋፍ ሲባል መግለጫና ስብሰባ ይመጣብኝ ነበር። ለካ ሌሊት የሚደርስ አንድ ድምፅም ድጋፍ ነው።

አባባ ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ወደ ጣና ዳር ወረዱ። አሁንም ቀንሰው።