አንድ ጂንስ፣ 400 ጀሪካን

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት። ግፊቱ እኛ ጋ ስለማይደርስ ከታች ካለው ቧንቧ በቢጫ ጀሪካን ቀድተን ደረጃ እንወጣለን። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁሌም አርፋለሁ።

ስለዚህ በውሃ ቁጠባ የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበርኩ። ልብስ የታጠበበት ውሃ ወለል ይወለውላል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ይደፋል። አራት ሰዎች ነን፤ በቀን 5 ጀሪካን ይበቃናል።

አምና አንድ ቅዳሜ ጂንስ ገዛሁ። ማታ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ ጂንስ ሱሪ በአማካይ 8,000 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚፈጅ አነበብኩ። ጥጡ ከሚበቅልበት ማሳ ጀምሮ የተቆጠረ ነው። ሊትር ሲሉኝ ብዙም አይገባኝም፤ በጀሪካን አካፈልኩት። 400 መጣ። ለቤታችን የ80 ቀን ውሃ ማለት ነው። ሱሪው ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። 400 ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ታየኝና ወገቤን አመመኝ።

ለነገሩ ስም አለው፤ የውሃ አሻራ ይባላል። ሀሳቡን እ.ኤ.አ. በ2002 ያመጣው አርየን ሁክስትራ የሚባል ሆላንዳዊ ምሁር ነው። ከእሱ ጋር የእህሉንም የከብቱንም ቁጥር ካሰሉት ጥናቶች ላይ መስፍን መኮንን የሚል ስም ሳይ ፈገግ አልኩ። የኛ ሰው ስም!

በማግስቱ ከልጆቹ አንድ ያለቀ ደብተር ወስጄ ፍሪጁ ላይ ሰቀልኩት። ለአንድ ወር የገዛነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ በዓለም አማካይ ቁጥር አባዛሁ፣ ለ20 አካፈልኩ። አንድ እንቁላል 10 ጀሪካን። አንድ ቲሸርት 125። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ 770። አንድ ስኒ ቡና ስድስት ተኩል። ባለቤቴ ፍሪጅ በከፈተ ቁጥር ደብተሩን አይቶ ይስቃል። እኔ ግን ቆርጫለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቡና ማቆም ነበር። ቁጥሩ ቀላል መሰለኝ፤ በቀን ሦስት ስኒ፣ ወደ 20 ጀሪካን። እሁድ እናቴ ጋ ስሄድ አልጠጣም አልኩ። እናቴ ያደገችው ጅማ ገጠር ነው። ጀበናውን ይዛ ቆመችና፣ "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ደብተሩን አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "ለመሆኑ ቡናውን ማን ያጠጣዋል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። "ሰማይ ነዋ! ቡና በጀሪካን የሚያጠጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብላ አቦሉን ቀዳችልኝ።

ጠጣሁት። ቤት ገብቼ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ሳነብ እናቴ ትክክል ነች። ባለሙያዎቹ ውሃውን በቀለም ይለዩታል። በማሳው ላይ የዘነበው አረንጓዴ ነው። ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከጉድጓድ የሚሳበው ሰማያዊ። ብክለቱን አቅጥኖ ደህና ለማድረግ የሚያስፈልገው ደግሞ ግራጫ። የቡና አሻራ በዓለም አማካይ ከ100 እጅ 96ቱ ዝናብ ነው። ጥጥ ግን አንድ ሦስተኛው ገደማ በመስኖ የሚመጣ ነው። በሶቪየት ዘመን ለጥጥ ሲባል ሁለት ወንዞች ተጠልፈው በመካከለኛው እስያ ያለው የአራል ባሕር በአብዛኛው የደረቀው በዚህ ነው። የኛም የአፋር ጥጥ ከአዋሽ ነው የሚጠጣው። እኔ ወር ሙሉ የጅማን ዝናብና የአዋሽን ውሃ አንድ ላይ ስደምር ኖሬያለሁ!

(ቡናም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ ከታች ያለው ሰው ይቸገራል። የግራጫው ነገር እሱ ነው።)

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ "ከየት የመጣ?" የሚል። ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ።

ሥጋውን እንውሰድ። 15,400 ሊትር በኪሎ የዓለም አማካይ ነው። ገለባና የግጦሽ ሣር የበላ በሬ ውሃው በአብዛኛው ዝናብ ነው። ቢሆንም ብዙ ነው፤ ዶሮ በኪሎ 4,300 ይበቃታል። ምስር ደግሞ ወደ 5,900 ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ። ቆይ፣ ከዶሮ ይበልጣል እንዴ? ግን ሩብ ኪሎ ምስር ቤተሰብ ያጠግባል። በፕሮቲን ሲለካ ደግሞ የበሬ ሥጋ በግራም 112 ሊትር፣ ጥራጥሬ 19 ሊትር ነው። እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤት ግማሹ ሥራ ቀድሞ ተሠርቷል። ሥጋውን ለእሁድና ለበዓል አደረግነው፤ ክትፎ ግን አልተውኩም፣ አልዋሽም።

እንጀራው ነው ያሳፈረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የጣልነውን ቆጠርኩ፤ 11። እሁድ ለሳምንት እጋግር ነበር፣ ሐሙስ መሶቡን ስከፍት ከላይ ያሉት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ። የሻገተ እንጀራ የጤፉን ዝናብም፣ የቡኮውን ውሃም፣ የምጣዱን መብራትም ይዞ ነው የሚጣለው። አሁን ግማሽ ግማሽ አድርጌ እሁድና ረቡዕ እጋግራለሁ። የተረፈውን ሳይሻግት በረንዳው ላይ በሰፌድ አሰጥቼ ድርቆሽ አደርገዋለሁ። ልጆቹ የድርቆሹን ፍርፍር ከትኩሱ አስበልጠው ይወዱታል። አሁን የምጥለው በሳምንት አንድ ነው፣ አንዳንዴም ምንም።

ልብሱ ላይ ጨከንኩ። ቁም ሳጥኑን ስፈትሽ ለሩጫ፣ ለሰርግና ለቢሮ ስብሰባ የታደሉ 14 ቲሸርቶች አገኘሁ። 1,750 ጀሪካን! ግማሾቹ ከፕላስቲካቸው አልወጡም። አሁን ሲሰጡኝ "ይቅርብኝ" እላለሁ፤ መጀመሪያ አካባቢ እንደ ኩራተኛ አዩኝ። የልጆቹን ሱሪ ጉልበቱ ሲቀደድ ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ እሰጣለሁ። ለራሴ ሰልባጅ እገዛለሁ። ሰልባጅ ጂንስ ውሃውን አንዴ ጠጥቶ ጨርሷል፤ ሌላ አያስጠጣም። ያን ጂንስም አልመለስኩትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሌላ ላልገዛ ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

ሻምፑ፣ ወረቀት፣ ቸኮሌት ምናምን ላይ ብዙ ጊዜ አቃጥያለሁ። አያዋጣም። የምገዛው ትንሽ ስለሆነ ድምሩን አልነቀነቀውም።

ያልጠበቅኩት ስኳሩን ነው። ስኒዬ ላይ ሁለት ማንኪያ አደርጋለሁ፤ 10 ግራም፣ 18 ሊትር ገደማ ውሃ። ከቡናው 130 ሊትር አንጻር ኢምንት ይመስላል። "ከየት የመጣ?" ስል ግን ሌላ ነው። የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ የሚጠጣው የአዋሽን ውሃ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ስኒዬ ውስጥ ከቡናው ይልቅ ስኳሩ ነው ወንዝ የሚቀንሰው።

ይህን በሚቀጥለው እሁድ ለእናቴ ነገርኳት። ስቃ ስታበቃ፣ "ድሮስ በጨው አልነበር የምንጠጣው?" ብላ የጨውን እቃ ወደ እኔ ገፋችው። ሞከርኩት። ፊቴን አይታ እንደገና ሳቀች። አሁን ግማሽ ማንኪያ ስኳር ላይ ነኝ።