ቺንግፒንግ ገበያ፣ ለሳል መድኃኒት

ከአዲስ አበባ ይዤው የወጣሁት ሳል ደቡብ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ስገባ ባሰብኝ። በማግስቱ ሊዋን ሰፈር ወዳለው የቺንግፒንግ የባህል መድኃኒት ገበያ ወረድኩ። ሥሩና ቅርፊቱ በየጆንያው ሞልቶ ሳይ መርካቶ የገባሁ መሰለኝ፤ ሽታው ብቻ ደስ ይላል።

የፈለግኩት ቹዋንቤይን ነበር፤ በሲቿንና በቲቤት ደጋ የሚበቅል የአበባ ኮረት ነው፤ ኮረት እንደ ሽንኩርት ከመሬት በታች የሚወፍረው ክፍል ነው። ምርጡ አተር ያክላል፣ ትልቁ ፍንካች ትንሹን አቅፎ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ሻጭ ያቀረበልኝ ግን ጠፍጣፋና የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ነው፦ በእርሻ የሚመረተው ርካሹ ፒንግቤይ። ዋጋውንም ለኪሎ ነው ብዬ ስስማማ ለአንድ ጂን፣ ማለትም ለ500 ግራም ሆነ። ተናድጄ ወጣሁ። ቀጥሎ ያሉት እናት ሁለቱንም መዳፌ ላይ አድርገው ልዩነቱን አሳዩኝና 10 ግራም ብቻ ሸጡልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒር የሚባለውን ፍራፍሬ አናቱን ቆርጦ ፍሬውን ማውጣት፣ 3 ግራም የተፈጨ ቹዋንቤይና እንደ ድንጋይ የረጋ ስኳር መጨመር፣ አናቱን መልሶ ከድኖ በሳህን ላይ 40 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ማብሰል። ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ጭማቂውን ብቻ የሚጠጣ ሰው መድኃኒቱን ይጥላል፤ ፒሩም ይበላል።

ይሠራል ወይ? በአይጦች ላይ ሳል መቀነሱ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ጠንካራ ጥናት የለም፤ የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምረው ኮክሬን በ2012 የቻይና ዕፅዋትን ለድንገተኛ ብሮንካይተስ (የሳንባ ቧንቧ ብግነት) ሲገመግም የጥናቶቹ ጥራት ደካማ ሆኖ አግኝቶታል።

ከሳል ዕፅዋቱ በደንብ የታወቀው ማ ኋንግ የሚባለው ቁጥቋጦ ኃይል ነው። በውስጡ ያለው ኤፌድሪን የተባለ ንጥረ ነገር በ1885 ተለይቶ ወጥቷል፤ የሳንባን ቧንቧ ይከፍታል፣ ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል። አሜሪካ በ2004 በምግብ ማሟያነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚቀቀለው መራራ የአፕሪኮት ፍሬ ሳያናይድ ስለሚያመነጭ መጠኑ ለቀን ከ10 ግራም አይለፍ፣ ጥሬውንም ልጆች እንዳያገኙት። አብሯቸው የሚቀቀለው ሦስተኛው፣ ጋንጻኦ፣ ጣፋጭ ሥር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፣ ግፊትን ይጨምራል። ማዶውሊንግ የሚሉትን ዕፅ ማንም አይግዛ፦ ኩላሊት የሚያበላሸውና ካንሰር የሚያመጣው አሪስቶሎኪክ አሲድ አለበት፤ ከ2020ው የቻይና የመድኃኒት መዝገብም ወጥቷል።

ቤታችን ያለው ማር ለልጆች ሳል ያለው ማስረጃ ከቹዋንቤይ ይበልጣል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል አይሰጥም።