ጋቢ መደረብ የተሳነው ትከሻ

ዛሬ ጠዋት ከ5 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢዬን ያለ ማንም እርዳታ በቀኝ እጄ ወደ ኋላ ወርውሬ ተደረብኩት። በኅዳር ውርጭ፣ ያውም በደብረ ብርሃን፣ ጋቢውን እናቱ የምታለብሰው ጎልማሳ ምን እንደሚሰማው የአገሬ ሰው ይረዳኛል።

ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ግቢያችን ውስጥ ክብደት ስናነሣ ቆይተናል። ብረታችን የውኃ ቧንቧ ሲሆን፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡት ደግሞ ሲሚንቶ የሞላንባቸው፣ መሐላቸው የተበሳ ጣሳዎች ነበሩ። ደረት ስሠራ አግዳሚው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ክርኖቼን ግራና ቀኝ እንደ መስቀል ዘርግቼ፣ ብረቱን ወደ አንገቴ አስጠግቼ አወርደው ነበር። ጓደኞቼ «አይዞህ፣ አንድ ጨምር!» ይሉኛል እንጂ ክርንህን ሰብስብ ያለኝ አልነበረም፤ ሁላችንም የምንቆጥረው ኪሎውን ብቻ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀስ ብሎ ነው። እጄን ወደ ጎን ሳነሣ መንገዱ አጋማሽ ላይ ይወጋኛል፤ ወደ ላይ ካለፈ በኋላ ይተወኛል። ቆይቶ ግን ሌሊት በቀኝ ጎኔ መተኛት ከለከለኝ። እማዬ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። የወጌሻን ሙያ አከብራለሁ፤ የቆሰለ ጅማት በኃይል ሲታሽ ግን ምን እንደሚሆን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በማጣቴ ነው።

በመጨረሻ ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክንዴን ሳትነካ አስቀድማ የጠየቀችኝ «ስትገፋ ክርንህ የት ነው?» ብላ ነበር። የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ሳለ የሚያርፍበት ጉድጓድ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዙት በዋናነት አራት ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው እንደሆኑ አስረዳችኝ። ከእነዚህ አንዱ ከትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር በጠባብ ቦታ ያልፋል፤ ክርን 90 ዲግሪ ተከፍቶ ከባድ ነገር በተገፋ ቁጥር እሱ ላይ ጫና ይበዛል፤ ሲደጋገምም ሊጎዳ ይችላል። ክርኑ ወደ 45 ዲግሪ ቢሰበሰብ ጫናው ይቀንሳል። ከሁሉ ይበልጥ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት እንደሚፈልግ የነገረችኝ ነው፤ እኔ በየሳምንቱ ክብደት የምጨምረው ጡንቻዬን እያየሁ ነበርና።

የሁለቱ ወገን ክብደት እኩል መሆኑንም ጠየቀችኝ። ጣሳዎቹን ወፍጮ ቤት ወስጄ ስመዝናቸው የግራው 18፣ የቀኙ 21 ኪሎ ሆነው ተገኙ። ሚዛኑ ፊት ቆሜ አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ወዲህ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ በር ላይ አስሬ፣ ፎጣ ብብቴ ሥር ይዤ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ወደ ውጭ እስባለሁ፤ በቀን ሦስት ዙር፣ በየዙሩ 15 ጊዜ።

ዛሬ ማታ የጎረቤታችን ልጅ ያንኑ ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ሲነሣ አየሁት። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ እየታጠፉ እርስ በርስ ሊነካኩ ይደርሳሉ። ጣሳዎቹን አውጥቼ ቧንቧውን ብቻ ትከሻው ላይ አደረግሁለትና ጉልበቱን በእግሩ ጣቶች አቅጣጫ እንዲያወጣ አሳየሁት። ሁለቱን በትክክል ሠራ፤ ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ እንደገና ገባ። «በቃ፣ ዛሬ እዚህ ላይ እናቁም፤ ነገም በባዶው ነው» አልኩት። ቅር ቢለውም ቧንቧውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄደ።