ትንሿን ቁጥር ይዤ

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቃቅፈን ተቀምጠን ሳለ አንዷ ድንገት «ለምን የመዝናኛ ፓርክ አንሄድም?» አለች። ጫጫታው ለጉድ ነበር። ስድስት ትልልቅ ሴቶችና የአንዷ የ7 ዓመት ታናሽ እህት፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እናወራለን። መሀል ላይ አንዷ ጓደኛዬ «እኔ ይቅርብኝ፣ ከፍታ እፈራለሁ» አለች። ስትናገር ቀና አላለችም። የቻርጀሩን ገመድ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጠቀልላለች።

ይህቺ ልጅ ከፍታ ፈርታ አታውቅም። ልጆች ሆነን ዛፍ ላይ ወጥታ አልወርድም ብላ ያስለቀሰችን እሷ ናት።

ገንዘብ ነው። ወዲያው ገባኝ። «እኛ እንከፍልልሻለን» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ሰው ፊት እንዲህ ሲባል ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ ስለማውቅ ዋጥኩት። ማታ ቤት ስገባ ለእያንዳንዷ ለብቻዋ ጻፍኩ። «ሳትጨናነቂ ማውጣት የምትችዪው ስንት ነው? ለማንም አልናገርም።» ሁሉም መለሱልኝ፣ እሷም ጭምር። ከመጡት ቁጥሮች ትንሿን ደብተሬ ላይ ከላይ ጻፍኳት፤ የማን እንደሆነች ግን የትም አልጻፍኩም። መጓጓዣውም፣ መግቢያውም፣ ምሳውም ከዚያች ቁጥር በታች መግባት አለበት ብዬ ወሰንኩ። ከልጆቹ አንዷ «አማካዩን አንወስድም?» አለችኝ። አይሆንም። በአማካይ ከሄድን ከእሱ በታች ያለችው ቤቷ ትቀራለች።

መጀመሪያ የገረመኝ የትኬቱ ነገር ነው። አንድ ዋጋ ከፍሎ ቀኑን ሙሉ ሁሉንም መጫወት የሚባለው አሠራር ሁሌም የነበረ ይመስለኝ ነበር። ለካ አይደለም፤ ታዋቂው የአሜሪካ መዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተከፈተ በወራት ውስጥ የኩፖን ደብተር መሸጥ ጀምሮ፣ እስከ 1982 ድረስ ሰው ለእያንዳንዱ ጨዋታ ኩፖን ይሰጥ ነበር። ዛሬም በነጻ አስገብተው ለተጫወትሽው ብቻ የሚያስከፍሉ ፓርኮች አሉ፤ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ያለው ክኖቤልስ አንዱ ነው፣ ዴንማርክ ኮፐንሃገን አጠገብ ያለው ባከንም እንዲሁ። እኛ የምንሄድበት ሁለቱም ዓይነት ትኬት አለው፣ ስለዚህ ማን ምን መጫወት እንደምትፈልግ ሳላውቅ መግዛት አልቻልኩም።

ትንሿን ልጅ ግድግዳ ላይ አቆምኳት። ጭንቅላቷ ላይ መጽሐፍ አድርጌ በእርሳስ ምልክት አደረግኩና በሜትር ለካሁ። 118 ሴንቲ ሜትር። በእግር ጣቷ ልትቆም ሞከረች፣ «ተረከዝሽን አውርጂ» አልኳት፣ አሁንም 118። ብዙዎቹ ትልልቅ ሮለር ኮስተሮች (ሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚበሩት የመጫወቻ ባቡሮች) ከ120 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነን ልጅ አያሳፍሩም፤ ቀበቶውና ማቀፊያው የተሠራው ለትልቅ ሰውነት ስለሆነ በልመና የሚታለፍ ነገር አይደለም። በር ላይ ደርሳ ከምታለቅስ ዛሬ ቤት ውስጥ ብታውቀው ይሻላል ብዬ ነገርኳት። ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ የትኞቹን መጫወት እንደምትችል ስልኬ ላይ አብረን መረጥን። ለእሷ የየጨዋታው ትኬት ይበቃታል፣ ለአምስታችን የሙሉ ቀኑ፤ ሮለር ኮስተር የምር የማትወደው ስድስተኛዋም እንደ ትንሿ በየጨዋታው ትከፍላለች። እዚህ ላይ ብቻ ደህና ገንዘብ ተረፈን።

ቀኑ አስቸገረኝ። በሥራ ቀን ሲሆን ትኬቱም ይረክሳል፣ ሰልፉም ያጥራል፤ ይህን ሁሉም ሰው ይመክራል። ግን አንዷ የምትሠራው በቀን ሒሳብ ነው፣ ከቀረች የዚያ ቀን ክፍያ የለም። ለእሷ ርካሹ ቀን ከሁሉም ውድ ሊሆንባት ነው። የእረፍት ቀኗ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ማክሰኞ ነው አለች፣ ተገላገልኩ። ሌሎቻችን ፈቃድ ሞላን።

ሰው ኪሱ የሚራቆተው በትኬቱ ብቻ አይደለም። ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሎከር፣ ለውሃ፣ ከሮለር ኮስተር ስትወርጂ አፍሽን ከፍተሽ የተነሳሽውን ፎቶ ለመግዛት፣ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ቦርሳ ብቻ እንይዛለን። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይዘን እንገባለን፣ ደውዬ ይፈቀዳል ብለውኛል። ምግብ ግን ከውጭ አይገባም፤ በር ላይ እጃችን ላይ ማኅተም አስደርገን ወጥተን፣ ከቤት የያዝነውን በልተን እንመለሳለን። ፎቶ በራሳችን ስልክ። ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመን በር ላይ እንሆናለን፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ጨዋታዎች ሰልፍ የሚያንሳቸው በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከትንሿ ልጅ ጋር አንዳችን ስንቀር ሌሎቹ ትልልቆቹ ጨዋታዎች ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ እንቀያየራለን። ማንም ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ጠባቂ አትሆንም። ይህን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ትናንት ማታ አጠቃላይ ሒሳቡን ለሁሉም ላክሁ። ከትንሿ ቁጥር በታች ሆኗል፣ በጥቂት ቢሆንም። አንዷ ልብ ላከች፣ አንዷ ምን እንልበስ ብላ ክርክር ከፈተች። ያቺ ከፍታ የምትፈራው ዝም አለች። ስልኬን አስቀምጬ ልተኛ ስል ለብቻዬ መልእክት መጣ።

«ሮለር ኮስተር ላይ ክፍት ጫማ ይወልቃል እንዴ?»

«ይወልቃል» አልኳት። «ክር ያለው አድርጊ።»