የክረምት ካምፕ ከእንጦጦ ጀርባ

እኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ፣ ልክ ሰማዩ ሲቀደድ ነው። ስለዚህ የልጆች ካምፕ ማለት ዝናብና ጭቃ ማለት ነው። እኔ የሠራሁት ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነበር። እስካሁን እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም።

ልጆች ዝናብ ግድ አይሰጣቸውም። የሚያስለቅሳቸው የእግር ብርድ ነው። መላው ርካሽ ነበር፤ ደረቅ ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ጫማ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብዬ የሁሉንም እግር እፈትሽ ነበር። እግሩ የሞቀው ልጅ ሌባና ፖሊስ ሲጫወት ቢውል አይሰለቸውም።

ስለ ዛፍ ስናስተምር ከአፍንጫ ነበር የምንጀምረው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጬ "እሹና አሽትቱት" እላለሁ። አንዱ ወዲያው፣ "ጋሼ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እማዬ የምታጥነኝ!" አለ። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ እንደመጣ፣ ከተማዋን ከማገዶ ችግር እንዳወጣት የምነግራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ማታ እሳት ላይ ወይራ ስንጨምር ደግሞ አንዷ ጭሱን ስባ "የአያቴ ጋን!" ብላ አሳቀችን። መናገሻ ጫካ ስንሄድ ጥዱን ራሳቸው ለዩት። ጫካውን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት የሚነገረውን ታሪክም ጆሮ ሰጥተው ሰሙኝ። ጉሬዛ ብቅ እስኪል ድረስ ነው ታዲያ። ከጉሬዛ ጋር የሚወዳደር አስተማሪ የለም።

ስለ እሳት ካነሳን፣ በክረምት ጭራሮ ከየትም ለቅሞ ማቀጣጠል ዘበት ነው። የነገውን ማገዶ ማታውኑ ምድጃ አጠገብ ማሳደር ያስፈልጋል። ይህን ያስተማሩኝ ወጥ ቤት የነበሩት እማማ ናቸው።

ዋናው ቀን ግን ቡሄ ነበር። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ አበራን፣ በማግሥቱ ሙልሙል ተበላ። የጭፈራውን ግጥም ራሳቸው እንዲያወጡ ተውኳቸው። እንዲህ ብለው መጡ፦

የኛማ ጋሼ፣ ደጉ መምህር፣
ድንች ሳይበላ፣ አይችልም ማደር።

ምን ይባላል፤ እውነታቸውን ነው። ሙልሙሉን ሰጥቼ አሰናበትኳቸው።

ቡሄን ካምፕ ለምታሳልፉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጅራፍ የሚያጮኹትን ልጆች ሜዳ ላይ አራርቃችሁ አቁሙ፣ ትንንሾቹን ከኋላቸው አርቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የማን ጅራፍ የበለጠ እንደጮኸ ግን ዳኛ ሁን ካሏችሁ እምቢ በሉ።