የጃፓንኛ ትምህርቴ ስድስተኛ ወር፦ ጦርነቱን በጓዳ በር

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ወር ካንጂ (ከቻይና የመጣው የጃፓንኛ ፊደል) አልገባ አለኝ ብዬ ሳለቃቅስ፣ አንዳችሁ "የምትወደውን ርዕስ ይዘህ ግባበት" ብላችሁኝ ነበር። ሰማሁ። የያዝኩት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ነው፤ ግን መርከቡንና አውሮፕላኑን ትቼ፣ እቤቱ የቀረው ሰው ምን በላ፣ ምን ለበሰ፣ በምን ሳቀ የሚለውን። (ከጎረቤቴ ልደትና ከመጨረሻው ጥያቄዬ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ልቤን የያዘው አንድ መፈክር ነው። በ1940 ቶኪዮ ውስጥ "ዜይታኩ ዋ ተኪ ዳ" የሚል ተለጠፈ። "ቅንጦት ጠላት ነው" ማለት ነው፤ "ተኪ" ጠላት (የኛዋ "ተኪ" አይደለችም)። ጸጉርሽን አትተኮሺ፣ ቀለበትሽን አውልቂ ዓይነት ነገር። ታዲያ አንዳንዱ ተንኮለኛ ከ"ተኪ" ፊት "ሱ" የምትባል አንዲት ፊደል ይጨምርባታል። "ሱተኪ" ሆነች። አሁን ሲነበብ "ቅንጦት እንዴት ደስ ይላል!" ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ሰምና ወርቅ እኮ ነው! ሦስት ሳምንት በካርድ ስሸመድዳት እምቢ ያለችኝ የ"ጠላት" ካንጂ ያን ቀን ገባች፣ እስካሁን አልወጣችም። ሳቁን ሳወራ በዚያው ጊዜ ሠራዊታቸው ቻይና ውስጥ የሚያደርገውን ረስቼ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቅኔ ፍለጋ ሆነ። ሌላዋ "ሰንኒንባሪ" ውስጥ ተገኘች። ይህ ለሚዘምት ወታደር የሚሰጥ መቀነት ነው፤ ሺህ ሴቶች በቀይ ክር አንዳንድ ቋጠሮ ያኖሩበታል። እናት ወይ ሚስት ጨርቁን ይዛ መንገድ ዳር ትቆምና አላፊ አግዳሚዋን ሴት ትለምናለች። በነብር ዓመት (እነሱ ጋ ዓመቱ በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይዞራል) የተወለደች ግን በዕድሜዋ ቁጥር ትቋጥራለች፤ ነብር ሩቅ ሄዶ ይመለሳል ይባላላ። አንዳንዱ ላይ ባለ 5 ሰን ሳንቲም (ሰን የየን መቶኛ ነው) ይሰፋል። ለምን 5? "ሺሰን" አራት ሰንም የሞት መስመርም ነው፤ 5 ደግሞ 4ን አለፈ። ባለ 10 ሰኑም እንዲሁ "ኩሰን"ን ያልፋል፦ ዘጠኝ ሰን፣ ወይም መራራ ፍልሚያ።

እኔም አቡጀዲና ቀይ ክር ገዝቼ ሞከርኩ። ክሩን መርፌው ላይ ጠምጥመህ ነው የምትስበው፤ ጥምጥሙን በጣቴ ሳልይዝ ስስበው ሁለቴ ተፈታብኝ። ጎረቤቴ እትዬ በ66 ሚያዝያ ነው የተወለዱት። ቆጠርኩ፣ የነብር ዓመት! "51 ቋጠሮ ይገባዎታል" ብላቸው "አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ጨርቅ ላይ ልታስጽፈኝ ነው?" አሉና 20 ላይ አቆሙ።

ወደ ምግቡ ስመጣ ተሸወድኩ። ከሚያዝያ 1941 ጀምሮ በስድስት ትልልቅ ከተሞች ሩዝ በራሽን ሆነ፤ ለአንድ አዋቂ በቀን 330 ግራም። ሚዛን ላይ ሳደርገው "ይሄማ ብዙ ነው!" አልኩ። ከዚያ አሰላሁት፤ 1,200 ካሎሪ እንኳን አይሞላም። ሌላው ሁሉ በጠፋበት ከተማ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ለሚቆም ሰው ምን ይሆናል? እየቆየ ደግሞ ሩዙም በስኳር ድንችና በባቄላ ይተካ ጀመር። "ሂኖማሩ ቤንቶ"ንም (የባንዲራ ምሳ ዕቃ እንደ ማለት) ሠራሁ፦ ነጭ ሩዝ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ ኡሜቦሺ (በጨው የተዘፈዘፈች ጎምዛዛ ፍሬ)፣ ልክ ባንዲራው። ኡሜቦሺ ስላጣሁ ቲማቲም ቆርጬ አስቀመጥኩ። ባንዲራውስ ሆነ። ግን የኡሜቦሺ ሥራ ጨውነቷና ጉምዛዜዋ ነው፤ እሷን ቆንጠር እያደረግህ ነው ያን ሁሉ ሩዝ የምታወርደው። የኔ በሦስተኛው ጉርሻ አንቆ ያዘኝ።

አንድ እርማትም አለብኝ። ስለ "ቶናሪጉሚ"፣ ስለ ጦርነቱ ዘመን የጎረቤት ቡድን፣ ስጽፍ እንደ እድር ነው ብዬ ነበር፤ አሥር ቤት ያህል ጎረቤት ተሰብስቦ እሳት ማጥፋት ይለማመዳል፣ ማስታወቂያ ከቤት ቤት ያዞራል። አሁን ሳየው ወደ ቀበሌው ያደላል። ራሽኑ በእሱ በኩል ስለሚመጣ መቅረት አይቻልም፤ ማን ምን እንዳለም ይታያል።

ቤዝቦሉንም በአጭሩ፦ በ1943 የእንግሊዝኛ ቃል ይውጣ ተብሎ ስትራይክ "ዮሺ"፣ ቦል "ዳሜ" ሆነ። ደህናና መጥፎ እንደ ማለት ነው። ሁለት ቃል በነጻ ተማርኩ።

ያልጠበቅሁት የመጣው ቶኪዮ ስላለው የዩኤኖ የእንስሳት መጠበቂያ ሳነብ ነው። ካታካናውን (የውጭ ቃል የሚጽፉበትን ፊደል) እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየቆጠርኩ፦ ኤ… ቺ… ኦ… ፒ… ያ። ቆይ፣ ምን? በ1931፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን በሄዱበት ዓመት፣ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ለጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት የተሰጡ አንበሶች እዚያ ነበሩ፤ አሊና ካተሪና። ነሐሴ 1943 ቦምብ ቢወድቅ አውሬው ያመልጣል ተብሎ እንዲገደሉ ታዘዘ። አንበሶቹ በመርዝ ሞቱ። ዝሆኖቹ የተመረዘውን ድንች አንበላም ስላሉ በረሃብ። መስከረም 4 ቀን የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ሲደረግላቸው ሁለቱ ዝሆኖች ገና በሕይወት ነበሩ። የመጨረሻዋ ቶንኪ ጠባቂዎቿን ባየች ቁጥር ምግብ ይሰጡኛል ብላ የተማረችውን ትርኢት ትሠራ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ወጣሁ፤ ያን ቀን ሌላ አልተማርኩም።

መቀነቱ አሁን 73 ቋጠሮ ላይ ነው። ከየካቲት በኋላ በ54፣ በ66፣ በ78 ወይ በ90 የተወለደች ሴት የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ መርፌና ክሩን ይዤ እመጣለሁ።