በትናንሽ ከተሞች የፍጥነት ካሜራ፦ ደብዳቤው የሚመጣው ለባለታርጋው ነው

ከዋሽንግተን ዲሲ በኮኔቲከት አቬኑ ወደ ሰሜን ስትነዱ የከተማው ድንበር እንዳለቀ ቼቪ ቼዝ ቪሌጅ ትገባላችሁ። ሁለት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የሜሪላንድ ትንሽ ከተማ ናት፤ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷም የፍጥነት ካሜራ አላት። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ ነዳጁ ሳይታወቅ ይረገጣል። ከተማዋ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ካሜራ መትከል የጀመረው በ2007 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2009 የወጣው ሕግ በትምህርት ቤቶች ዙሪያና መንገድ በሚሠራበት ቦታ ለመላው ሜሪላንድ ስለፈቀደ ትናንሾቹ ከተሞችም ተራ በተራ ተከሉ። ታኮማ ፓርክና ሪቨርዴል ፓርክ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ ዕቃ የሚያደርሰው ወገናችን ቀን ከሌት የሚመላለሰው እዚሁ ሰፈር ውስጥ ነው።

በሜሪላንድ ካሜራው ቲኬት የሚቆርጠው ከተፈቀደው ፍጥነት በ12 ማይልና ከዚያ በላይ ላለፈ ነው። በ25 መንገድ ላይ 36 ብትሆኑ ያልፋችኋል፣ 37 ላይ ይይዛችኋል። ቅጣቱ ለዓመታት ምንም ያህል ብትፈጥኑ 40 ዶላር ነበር፤ «ያው አርባ ብር ናት» ማለት የተለመደውም ከዚያ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን በደረጃ ሆኗል፦ ከ12 እስከ 15 ማይል ለማለፍ 40፣ ከ16 እስከ 19 ለማለፍ 70፣ ከ20 እስከ 29 ለማለፍ 120፣ ከ30 እስከ 39 ለማለፍ 230፣ ለ40ና ከዚያ በላይ 425 ዶላር። የካሜራ ቲኬት በመንጃ ፈቃድ ላይ ፖይንት አያስመዘግብም፣ ኢንሹራንስም አያስጨምርም። ፖሊስ አስቁሞ የሚጽፈው ቲኬት ሌላ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

የትምህርት ቤት ካሜራ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 8 ነው። ልጆች በሌሉበት በበጋው እረፍትም ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚያዘውም «ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው» ብሎ ነው። የትምህርት ቤት ክልል የሚባለው ከግቢው እስከ ግማሽ ማይል ስለሚደርስ ሕንፃው ከመንገዱ ላይታይ ይችላል። በሞንትጎመሪ በመኖሪያ ሰፈር መንገዶች ላይ ያሉት ካሜራዎች ደግሞ ሌሊትና ቅዳሜና እሑድም አይተኙም። ካሜራውን አይቶ ድንገት ፍሬን መያዝ ከኋላ ያስመታል። የሚሻለው የፍጥነት ምልክቱ ሲቀንስ እዚያው እግርን ከነዳጅ ማንሳት ነው።

ቲኬቱ የሚጻፈው በመኪናው ባለቤት ስም፣ የሚላከውም ባለቤቱ በተመዘገበበት አድራሻ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ጉዳቱ ከቅጣቱ ይልቅ በዚህ በኩል ይብሳል። መኪናው በወንድም ስም ተመዝግቦ እህት ትነዳዋለች፤ ለዘመድ ይዋሳል፤ በሳምንት ኪራይ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል፤ ባለቤቱም ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላስተካከለም። ደብዳቤው የድሮው አፓርታማ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ያልተከፈለ ቲኬት ኤምቪኤ (የሜሪላንድ የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ሲደርስ የመኪናው ሬጅስትሬሽን እንዳይታደስ ይታገዳል፤ ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው ለማደስ ሲሄድ ነው። ሜሪላንድ ቤት ከቀየራችሁ በ30 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን ለኤምቪኤ የማስታወቅ ግዴታ አለባችሁ፤ በኢንተርኔት ይሠራል። መኪና የምታከራዩ ወይም የምታውሱ ሰዎች ማን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደነዳ በጽሑፍ ያዙ፣ የመንጃ ፈቃዱንም ፎቶ አንሱ። ያልነዳችሁት እናንተ ከሆናችሁ ሕጉ መውጫ አለው፦ በመሐላ የተረጋገጠና የነጂውን ስምና አድራሻ የያዘ ደብዳቤ ከማስረጃ ጋር፣ በደረሰኝ ማረጋገጫ በሚላክ ፖስታ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይገባል። በስልክ «እኔ አይደለሁም» ማለት ዋጋ የለውም።

ቲኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። መኪናው ሜሪላንድ ከተመዘገበ ጥፋቱ ከተፈጸመ በሁለት ሳምንት ውስጥ መላክ አለበት፤ የሌላ ግዛት ታርጋ ከሆነ በ30 ቀን። የታርጋው ፊደልና ቁጥር የእናንተ መሆኑን በፎቶው ላይ አረጋግጡ። ሰዓት የታተመባቸው ቢያንስ ሁለት ፎቶዎች ሊኖሩ ይገባል፤ ፍጥነቱን ራሳችሁ ማስላት የምትችሉት በእነሱ ነው። በሰዓት ማይሉን በ1.47 ብታባዙ በሴኮንድ ስንት ጫማ እንደሆነ ታገኛላችሁ። 38 ማይል ማለት በሴኮንድ 56 ጫማ ያህል ነው፤ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ግማሽ ሴኮንድ ካለ መኪናው 28 ጫማ መጓዝ ነበረበት። ካምሪ 16 ጫማ ያህል ርዝመት አለው። ከማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ከምሰሶ አንጻር ስታዩት መኪናው በራሱ ርዝመት ያህል ብቻ ከሄደ፣ ፍጥነቱ 22 ማይል አካባቢ ነበር ማለት ነው። ይህ ግምት ስለሆነ ለሁለትና ሦስት ማይል ልዩነት አያገለግልም፤ ትልቅ ስሕተትን ግን ያጋልጣል። ደግሞም ተከስቷል፦ ባልቲሞር ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ ማዝዳ በ25 መንገድ 38 ነድቷል ተብሎ መቀጣቱን ባልቲሞር ሰን ጋዜጣ በ2012 አወጣው። ከስሕተቶቹ አንዱ ምክንያት ራዳሩ ከትልልቅ መኪኖች ጎን መንጸባረቁ ነበር። ከተማዋ በ2013 ካሜራዎቹን ዘጋች፣ በ2017 እንደገና ጀመረች።

ስሕተት ካገኛችሁ በመጀመሪያ ለከተማው ጻፉ። እያንዳንዱ ካሜራ የተከለ አካል ቅሬታ የሚያይና የተሳሳተ ቲኬት ከችሎት በፊት የሚሰርዝ ሰው መመደብ አለበት፤ ይህ ሰው የካሜራው ኩባንያ ተቀጣሪ ሊሆን አይችልም። የዕለቱን የመሣሪያ ፍተሻ መዝገብና በገለልተኛ ላቦራቶሪ በየዓመቱ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት ጠይቁ። ችሎት ከመረጣችሁና የካሜራው ኦፕሬተር ቀርቦ እንዲመሰክር ከፈለጋችሁ ከችሎቱ ቢያንስ 20 ቀን ቀድማችሁ ለፍርድ ቤቱም ለዐቃቤ ሕጉም በጽሑፍ አሳውቁ። ከተሸነፋችሁ የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመራል። የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደባል፤ ጥያቄውን ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት አስገቡ።

ካሜራ ሁሉ ገንዘብ መልቀሚያ ነው የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። በሞንትጎመሪ የተደረገ ጥናት በካሜራ መንገዶች ላይ አደጋ ሲደርስ የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት ዕድል በ19 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ትንሽ ከተማ በጀቷን በካሜራ ስትሞላ ግን ነገሩ ይበላሻል። በኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ አጠገብ ያለችው ኤልምዉድ ፕሌስ ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ይዛ በ2012 ካሜራ ስትጀምር በመጀመሪያው ወር ብቻ 6,600 ያህል ቲኬት ላከች፤ እያንዳንዱ 105 ዶላር፣ ከገቢውም 40 በመቶው ለኩባንያው። በ2013 ዳኛ አስቆመው። ሜሪላንድ ኩባንያው በቲኬት ብዛት እንዳይከፈለው ከልክላለች፤ ወጪው ተቀንሶ የቀረው ከከተማው ጠቅላላ ገቢ 10 በመቶ ካለፈ፣ ከ10 በመቶው በላይ ያለው ወደ ግዛቱ ካዝና ይገባል። ከተማችሁ ይህን ማክበሯን በምክር ቤት ስብሰባ ላይ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ድንበር ስትሻገሩ ቁጥሩ ይለወጣል። ዲሲ የሚጀምረው ከ11 ማይል ነው፣ ትንሹ ቅጣት 100 ዶላር። ከ60 ቀን ያለፉ ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ካሉባችሁ ዲሲ ውስጥ ያቆማችሁት መኪና ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ታርጋ ያላቸው «እኛን አይነካንም» ይሉ ነበር፤ አሁን ስቲር የተባለው የዲሲ ሕግ የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ እንዲከሳቸው ይፈቅዳል፣ ክስም ተጀምሯል። ቨርጂኒያ በትምህርት ቤትና በመንገድ ሥራ ቦታ ከ10 ማይል ጀምሮ እስከ 100 ዶላር ትቀጣለች።

የካሜራ ቲኬት የሚመጣው በፖስታ ነው። «ዛሬ ካልከፈላችሁ መንጃ ፈቃዳችሁ ይታገዳል» የሚል የስልክ መልእክት ከማያያዣ (ሊንክ) ጋር ከደረሳችሁ ሌቦች ናቸው፤ አትንኩት፣ እንግሊዝኛ ለማይጠነክርላቸው እናትና አባቶቻችሁም ንገሩ። የሚከፈለው ደብዳቤው ላይ ባለው የቲኬት ቁጥር፣ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ድረ ገጽ ወይም አድራሻ ብቻ ነው።